ቆሻሻው ከበር ከወጣ በኋላ የት ይደርሳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ሆኜ ከተመደብኩ ሁለት ወሬ ነው። ሦስት ሺህ ገደማ ሠራተኛ አለን። ማቅለሚያ አለን፣ መቁረጫና ስፌት አለን፣ ካፍቴሪያ አለን። ሥራ አስኪያጁ ባለ ሦስት ቀለም የቆሻሻ ገንዳ ግዢ፣ ርካሽ አንሺም ፈልጊ ብሎኛል። የኬሚካሉን በርሜል፣ የተቃጠለውን ዘይት፣ ዝቃጩን ምን እንደማደርገው ግን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ሠራተኞቹ ደግሞ ባዶውን ጀሪካን ስጪን እያሉ ያስጨንቁኛል። ከምን ልጀምር?»

እህቴ፣ የጀሪካኗን ጥያቄሽን መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ። ለእኔ ከሁሉም የከበደችው እሷ ናት።

ገንዳውን ገና አትግዢ። ገንዳ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ስንት እንደሚያስፈልግሽ፣ ምን ያህል ትልቅ መሆን እንዳለበት፣ የት እንደሚቀመጥ ዛሬ አታውቂም። ብዙ ፋብሪካ አይቻለሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ገንዳ በር ላይ ይደረደራል። በሳምንቱ ካርቶኑም፣ የምሳ ትራፊውም፣ ዘይት የጠጣው ጨርቅም ተደባልቆ ይገኛል። ሠራተኛው ሰንፎ አይደለም። ማታ መኪናው መጥቶ ሦስቱንም ገንዳ አንድ ላይ ሲገለብጥ አይቷል። ያንን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ዳግመኛ ለይቶ አይጥልም። ስለዚህ ከመድረሻው ጀምሪ። ለካርቶኑ ገዢ፣ ለትራፊው ወሳጅ፣ ለዘይት ጨርቁ ማቆያ ቦታ ካገኘሽ በኋላ የገንዳው ቀለም ትርጉም ይኖረዋል።

አሁን የሚያስፈልግሽ ሚዛን ነው። ከስቶር አንድ የወለል ሚዛን ተውሰሽ መውጫው በር አጠገብ አስቀምጪ። ለሁለት ሳምንት ምንም ነገር ሳይመዘን ከግቢ አይውጣ። ከየትኛው ክፍል መጣ፣ ምን ዓይነት ነው፣ ስንት ኪሎ ነው፣ በየትኛው ሽፍት ነው፣ ማን ወሰደው። አንድ ደብተር፣ አምስት ዓምድ፣ በቃ። ከሁለቱ ሳምንታት አንዱ የወር መጨረሻ ጽዳት ያለበት ይሁን። ከየጥጋጥጉ ያረጀ ቀለም፣ የተሰነጠቀ ባትሪ፣ ስም የሌለው በርሜል የሚወጣው ያኔ ነው። የሌሊቱን ሽፍትም አትርሺ። የሌሊት ሽፍት ቆሻሻ ብዙ ጊዜ ጠዋት አይገኝም። ጥበቃው ከአጥር ጀርባ አቃጥሎት ያድራል። አመዱን ካየሽ ጥበቃውን አትቆጪው፤ ሌላ ቦታ ስላልተሰጠው ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን አስቁሚ። ፕላስቲክና ፖሊስተር ጨርቅ በሜዳ እሳት ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዝ አለበት። በተለይ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ፣ እንደ ፒቪሲ ያለው፣ ዳዮክሲን የሚባለውን ክፉ መርዝ ያወጣል። ያ ጭስ መጀመሪያ የሚገባው ራሱ ጥበቃው ሳንባ ውስጥ ነው።

ደብተሩ ብዙ ያስተምርሻል። ካፍቴሪያውን እንውሰድ። አንድ ሠራተኛ ከሳህኑ 100 ግራም እንጀራ ቢያስተርፍ ምንም አይመስልም። ሦስት ሺህ ሰው ሲያስተርፍ ግን በቀን 300 ኪሎ ነው። በወር 26 የሥራ ቀን ካለ 7,800 ኪሎ ይሆናል። ስምንት ቶን ለመሙላት ትንሽ የቀረው ምግብ በየወሩ ይጣላል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይዘሽ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስትገቢ ወሬው ይለወጣል። መጀመሪያ የእንጀራውን መጠን አስተካክሉ፣ ጭማሪ የፈለገ ይጨመርለት። የቀረውን ከብት አድላቢዎችና የወተት ላም ያላቸው ሰዎች በደስታ ይወስዱታል። የቢራ ፋብሪካ አተላ ለላሞች መኖ ሆኖ ሲሸጥ ስንት ዓመት ሆኖታል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አደራ። ከትራፊው ጋር ፌስታልና ስቴኪኒ እንዳይቀላቀል። ፌስታል ላሟ ሆድ ውስጥ አይፈጭም። እየተጠቀለለ ይከማቻል፣ መብላት ትተዋለች፣ ትከሳለች፣ ትሞታለች። ሳህን መመለሻው ጋ አንድ ሰው ቆሞ ለሁለት ሳምንት ሠራተኛውን ያስለምድ። ከዚያ ራሱ ይለምደዋል። የሚወስድ ሰው ከጠፋ ብስባሽ ማዘጋጀት ይቻላል። ለአንድ እጅ ትራፊ ሁለት ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ ሰጋቱራ ወይም የተቀዳደደ ካርቶን እየጨመራችሁ ማገላበጥ ነው። ክምሩ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት ከጋለ የበሽታ ተዋሲያን ይሞታሉ። የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበታል ወይም አየር አጥሮታል።

መቁረጫ ክፍሉ ላይ ብዙ አልቆይም። ከመቁረጫ ጠረጴዛ የሚወድቀው ቁርጥራጭ ብዙ ጊዜ ከጨርቁ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይደርሳል። ያ ጨርቅ በዶላር የተገዛ ነው። ጥጡን ከፖሊስተሩ፣ ነጩን ከባለቀለሙ ለይታችሁ ከያዛችሁት ለፍራሽና ለወለል መጥረጊያ የሚገዛ አይጠፋም። ከተደባለቀ ግን ዋጋ የለውም። ከመሸጡ በፊት የአቆራረጡን ንድፍ የሚሠሩትን ልጆች አነጋግሪያቸው። ከእያንዳንዱ በመቶ ላይ የሚድነው ገንዘብ ከቁርጥራጭ ሽያጩ ይበልጣል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ እንግባ።

አንድ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ። ሃይድሮሰልፋይት የሚባለውን ነጭ ዱቄት ታውቂዋለሽ፣ ለማቅለሚያ ትጠቀሙበታላችሁ። ከከረጢቱ ጥቂት መሬት ላይ ፈሰሰ። የጽዳት ሠራተኛዋ በጥንቃቄ ጠረገችው። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ያለበት የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጨመረችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በርሜሉ ይጨስ ጀመር። ሽታው ጉሮሮ ያንቃል። አንድ ልጅ ሮጦ በትንሽ ባልዲ ውሃ ደፋበት፣ ባሰበት። ይህ ዱቄት እርጥበት ሲነካው ራሱን በራሱ ያግላል፣ ይቀጣጠላል። ጥቂት ውሃ ያባብሰዋል። የዚያን ቀን ሰው አልተጎዳም፤ በሩ ሰፊ ስለነበረ ነው። ያቺ ሴትዮ ምንም አላጠፋችም። ሥራዋን ነው የሠራችው። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ያ ዱቄት የራሱ ደረቅ ማጠራቀሚያ እንደሚያስፈልገው የነገራት አልነበረም።

ስለዚህ ኬሚካል ስቶር ገብተሽ የእያንዳንዱን ኬሚካል የደህንነት መረጃ ወረቀት አውጪ። እያንዳንዱ አቅራቢ ሊሰጥሽ ይገባል። ስለ አወጋገድ የሚናገረውን ክፍልና ከምን ጋር መቀላቀል እንደሌለበት የሚገልጸውን ክፍል በአማርኛ ጽፈሽ፣ ሠራተኛው በሚናገረው ሌላ ቋንቋም አስተርጉመሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። አንዱን ብቻ ከያዝሽ ይህን ያዢ፤ በረኪናና አሲድ በአንድ ቦይ፣ በአንድ በርሜል፣ በአንድ መደርደሪያ አይገናኙ። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

የተቃጠለውን ዘይት ከጀነሬተሩና ከጋራዡ በአንድ ክዳን ባለው በርሜል ሰብስቢ። በርሜሉ ከሥሩ ግድብ ያለው የሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጥ፣ ከላዩ ጣራ ይኑረው። ግድቡ በርሜሉ ሙሉ በሙሉ ቢፈስ የሚይዝ መሆን አለበት። ሰው መጥቶ «ለምስጥ መከላከያ እንጨት እቀባበታለሁ» ብሎ ይለምንሻል። አትስጪው። በዚያ ዘይት ውስጥ ከሞተሩ የተፋቀ ብረታ ብረት አለ፤ ከእንጨቱ ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይሄዳል። መልሶ የሚያጣራ ፈቃድ ያለው ድርጅት ካለ እሱ ይውሰደው። አለበለዚያ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጠይቂ። የሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ ያለው ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ይግላል፣ ነበልባሉ ከዚያም በላይ ነው። በሜዳ እሳት የማይጠፋ ነገር እዚያ ውስጥ ይጠፋል። በእርግጥ ሁሉም ፋብሪካ አይቀበልም፣ የሚቀበለውም ፈቃድና ናሙና ይጠይቃል። ጊዜ ይወስዳል። ግን መጠየቅ ዛሬ ይጀመራል።

የመኪናና የፎርክሊፍት ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። ቆራሌው በጥሩ ዋጋ ይገዛል። መጀመሪያ የሚያደርገው ግን አሲዱን መሬት ላይ መድፋት ነው። ከዚያ በየመንደሩ እርሳሱ ይቀልጣል፣ ጢሱ ሕፃናት ያሉበት ቤት ይገባል። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ስለዚህ አዲስ ባትሪ ስትገዙ አሮጌውን አቅራቢው ይዞ እንዲሄድ ውሉ ውስጥ አስገቡ። የተቃጠለ ሸምበቆ አምፖል (ረጅሙ ፍሎረሰንት) ውስጥ ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለ። አይሰበር። በመጣበት ካርቶን ተመልሶ ቁልፍ ባለው ክፍል ይቆይ። ወደ ኤልኢዲ ቀይሩና ይህ ራስ ምታት በሁለት ዓመት ያልቅላችሁ።

ዝቃጩ ደግሞ ሌላ ነው። ከፍሳሽ ማጣሪያችሁ የሚወጣው ጥቁር ጭቃ የቀለሙንና የኬሚካሉን ቅሪት ይዟል። ደርቆ ሲታይ አፈር ይመስላል። ገበሬ መጥቶ ማዳበሪያ ይሆነኛል ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። ላብራቶሪ ሳይታይ አንድ አካፋ አይሰጥ። ማድረቂያ አልጋው ጣራ ከሌለው ደግሞ ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣራ አስደርጊለት። ሐምሌ ላይ ያለ ጣራ የቀረ አልጋ በአንድ ሌሊት ዝናብ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምሽውን ወደ ወንዝ ይወስደዋል። የአቃቂን ወንዝ ውሃ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል።

ክሊኒካችሁንም አትርሺ። መርፌ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ብቻ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ ወደ ጤና ተቋም ማቃጠያ ይሂድ። ሠራተኞችሽ አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ በየመጸዳጃ ቤቱ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ ይኑር። ሞዴስ በመጸዳጃው ቀዳዳ የሚጣለው ሌላ የሚጣልበት ስለሌለ ነው። ቧንቧው ሲደፈን ደግሞ የሚወቀሱት እነሱ ናቸው። ቆሻሻውን በእጃቸው የሚነኩት የጽዳት ሠራተኞች ወፍራም ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያስፈልጋቸዋል። የሄፓታይተሱ ክትባት ሦስት ጊዜ ነው፣ በስድስት ወር ውስጥ ያልቃል። ይህን በጀት ከገንዳው በፊት አስፈቅጂ።

አሁን ወደ «ርካሽ አንሺ» ልምጣ። ይህን ቃል ስሰማ ሁልጊዜ አንድ ቀን ይታወሰኛል። እሠራበት የነበረ ድርጅት ከተጫራቾቹ በጣም ርካሹን አንሺ ቀጥሮ ነበር። መኪናው በቀን ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ በጉዞ ይከፈለዋል። ሦስት ጉዞ በዚያ ርቀት እንዴት እንደሚቻል አልገባኝም። አንድ ከሰዓት በፒካፕ ተከተልኩት። ወደ ቆሻሻ መድፊያው የሚወስደውን መንገድ ይዞ ጥቂት ሄደ፣ ከዚያ በኮረኮንች ታጠፈ። ወንዝ ዳር ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። የእኛ ካርቶን፣ የእኛ ሌብል፣ የእኛ የኬሚካል ከረጢት ገደሉን ተንሸራቶ ወረደ። ከታች አንዲት እናት ልብስ ታጥባለች። ቀና ብላ አየችን፣ ከዚያ ልብሷን ሰብስባ ወደ ላይኛው ወንዝ ሄደች። ሾፌሩን አልጮህኩበትም። በጉዞ የሚከፈለው ሰው ነው። ቅርብ ቦታ ሲደፋ ብዙ ይመላለሳል። ውሉን የጻፍነው እኛ ነን።

እናም ውልሽን እንዲህ ጻፊ። ክፍያው በቶን ይሁን፣ የሚመዘነውም መድረሻው ላይ። እያንዳንዱ ጭነት በሦስት ቅጂ ወረቀት ይውጣ። አንዱ በር ላይ ይቀራል፣ አንዱ ሾፌሩ ጋ ይሆናል፣ ሦስተኛው መድረሻው ላይ ክብደቱ ተጽፎና ማኅተም ተደርጎበት ወደ አንቺ ይመለሳል። ሦስተኛው ሳይመለስ ፋይናንስ አይክፈል። በደብተርሽ ላይ ያለው ኪሎና በወረቀቱ ላይ ያለው ኪሎ ካልተስማማ ጠይቂ። በወር አንድ ቀን ደግሞ ሳታስታውቂ መኪናውን ተከተዪ። ሹፌሩ መኪናሽን ያውቀዋልና የሰው መኪና ተዋሺ።

ሕጉም ከጎንሽ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካዎች መዝገብ እንዲይዙ ያስገድዳል። አደገኛ ቆሻሻን ለብቻው የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ነው። በ2017 ደግሞ ፓርላማው የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል። አራቱንም አትመሽ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪ። ሥራ አስኪያጅሽ «ማን ያየናል» ካለ አዋጁን ብቻ ሳይሆን የውጭ ገዢዎቻችሁን ኦዲተር አስታውሺው። ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ሦስተኛ ቅጂ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ካለ ቆሼን ያስብ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የረጲ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ቤታቸው ከክምሩ ሥር ነበር። ብዙዎቹ ኑሯቸው ከዚያው ከቆሻሻ ለቀማ ነበር። ያ ክምር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሁላችንም የጣልነው ነው፣ ፋብሪካውም ቤተሰቡም። ከአደጋው አንድ ዓመት ቀድሞ ሰንዳፋ ላይ አዲስ መድፊያ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውመው በወራት ውስጥ ቆመ፣ መኪናውም ወደ ረጲ ተመለሰ። ገበሬዎቹን አልወቅሳቸውም። የሌላ ሰው ቆሻሻ እርሻቸው አጠገብ ሲራገፍ ማን ጠየቃቸው? በ2010 ረጲ ላይ ቆሻሻን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ጣቢያ ተመርቋል፤ በቀን እስከ 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን እርጥብ የምግብ ትራፊ ጨምረሽ የምትልኪው ጭነት በደንብ አይነድም። የኬሚካል በርሜልሽም እዚያ ቦታ የለውም።

ወደ ጀሪካኑ ልመለስ።

ከብዙ ዓመት በፊት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄጄ ነበር። ሌላ ነገር ፍለጋ ነው የሄድኩት። አንድ ሱቅ በር ላይ ሰማያዊ ጀሪካኖች እስከ ጣራ ተደርድረዋል። አንዱ ላይ በቀይ ማርከር የተጻፈ ቁጥር አየሁ። የእኛ ስቶር ሠራተኛ ጽሕፈት ነው፤ ሰባት ቁጥርን መሃሏን ሰርዞ ነበር የሚጽፋት። ኮስቲክ ሶዳ፣ ቆዳና ጉሮሮ የሚያቃጥለው ኬሚካል፣ የነበረበት ጀሪካን ነው። ሌብሉ ተልጧል። ሻጩን «ምን ነበረበት?» አልኩት። «ዘይት ነው፣ ታጥቧል፣ ለውሃም ለጠላም ይሆናል» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። እሱም የገዛው እንደዚያ ተብሎ ነው። ክዳኑን ከፈትኩት። ከአንገቱ በታች፣ ውሃ በደንብ በማይደርስበት ጥግ፣ ነጭ ቅርፊት ነበር። እዚያው የነበሩትን አሥራ አንዱን የእኛን ጀሪካኖች ገዛኋቸው። ከዚያ በፊት ስንቶቹ እንደተሸጡ አላውቅም። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

ስለዚህ ለሠራተኞቹ አይሆንም በያቸው። ግን አይሆንም ብለሽ ብቻ አትሂጂ። ሰው ጀሪካን የሚጠይቀው ቤቱ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመጣ ነው። ያ ችግር እውነተኛ ነው። ለግዢ ክፍሉ ለምግብና ለውሃ የተሠራ አዲስ ቢጫ ጀሪካን በጅምላ እንዲገዛ ጠይቂ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት አንድ ቢሰጥ ወጪውን ከመቁረጫ ክፍሉ ቁርጥራጭ ሽያጭ መሸፈን ይቻላል፤ ደብተርሽ ያሳይሻል።

የኬሚካሉን ጀሪካን ደግሞ አቅራቢው መልሶ እንዲወስድ ጠይቂ። አልወስድም ካለ ባዶ እንደሆነ ወዲያው፣ ቅሪቱ ሳይደርቅ፣ ሦስት ጊዜ በውሃ ይለቅለቅ። የመለቅለቂያው ውሃ ወደ ቦይ አይደፋ። ኬሚካሉ ወደሚገባበት ገንዳ ይመለስ፣ ካልሆነም ወደ ማጣሪያው ይግባ። ከዚያ ጎኑም ታችኛውም በጋለ ብረት ይበሳ። ይህን ስቶር ውስጥ ተደብቃችሁ አታድርጉት። ምሳ ሰዓት፣ ካፍቴሪያው በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይሁን። ለምን እንደሚበሳም ራስሽ ንገሪያቸው። አዲሱን ቢጫ ጀሪካን የምታድያቸውም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ይሁን።